ዝቅ ለተደረገች ስፖርት መኪና የኋላ ጎማ መምረጥ

ስፖርት መኪና ዝቅ ስትደረግ ሞላዋ ያጥራል፤ ከጎማው በላይ ያለው ክፍተትም ይጠባል። ይሄ ለማንም ይታያል። የማይታየው ግን የኋላ ጎማዎቿ ቀጥ ብለው መቆማቸውን ትተው አናታቸውን ወደ ውስጥ ማዘንበላቸው ነው። ጎማው አልቆ አዲስ ሲፈለግ ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው። ቁመቷ ላልተነካ መኪና በጎማው ጎን ላይ ያለውን ቁጥር አንብቦ ያንኑ መግዛት ይበቃል። ዝቅ ለተደረገች ግን ከጎማው በፊት የሚታይ ነገር አለ።

ለምሳሌ ሆንዳ ኤስ2000ን እንያዝ። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2009 በጃፓን የተሠራች፣ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ መኪና ናት። ሞተሯ ከፊት ነው፤ የሚገፋት የኋላ ጎማ ነው። ከ110,000 በላይ ተመርታለች፤ ከዚያም ከግማሽ በላዩ አሜሪካ ገብቷል። ዝቅ የሚያደርጓት ባለቤቶች ብዙ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ምርቶች መንሸራተትን የሚቆጣጠር ሲስተም የላቸውም። ዝናብ ባለበት ኩርባ ላይ የኋላ ጎማዋ ያለቀ እንደሆነ ኋላዋ በድንገት ያመልጣል። ስለዚህ የዚህች መኪና የኋላ ጎማ ቀልድ አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ እስከ 2003 የተሸጠችው ኤፒ1 ትባላለች። ከፊት 205/55 አር 16፣ ከኋላ 225/50 አር 16 ታስራለች። ከ2004 ጀምሮ የመጣችው ኤፒ2 ደግሞ ከፊት 215/45 አር 17፣ ከኋላ 245/40 አር 17 ናት። 245 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 40 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 40 በመቶ ነው፣ ማለትም 98 ሚሊ ሜትር። 17 የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። ሲደመር ጎማው ከጫፍ እስከ ጫፍ 628 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ለኤፒ1 ባለ 16 ኢንች ጥሩ የስፖርት ጎማ ማግኘት እየከበደ ስለመጣ ብዙዎች የኤፒ2ን ቸርኬ ገዝተው ያስራሉ።

የኋላው ከፊቱ ስለሚሰፋ የፊቱንና የኋላውን ማቀያየር አይቻልም። የኋላው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ያልቃል፤ ብቻውንም ይገዛል።

ሱቅ ከመሄድ በፊት አሮጌውን ጎማ አውርዶ መሬት ላይ ማስተኛት ይጠቅማል። ብዙ ሰው ከመኪናው ኋላ ቆሞ አይቶ "ገና ጥርስ አለው" ይላል። ከኋላ የሚታየው ግን የውጭው ጠርዝ ነው። ዝቅ ባለች መኪና ላይ ውጭው ገና 5 ሚሊ ሜትር ጥርስ እያለው የውስጡ ጠርዝ መላጣ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም ላስቲኩ አልቆ ሽቦው እንደ ፀጉር ብቅ ይላል። እንዲህ ያለ ጎማ በፍጥነት መንገድ ላይ ሊፈነዳ ይችላል፤ አንድ ቀን እንኳ ሊነዱበት አይገባም። ቀጥሎ መዳፍን በጥርሶቹ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ ማሳለፍ ነው። በአንድ በኩል ለስልሶ በሌላ በኩል እንደ መጋዝ የሚቧጭር ከሆነ ጎማው ወደ ፊት እየተንከባለለ በጎን ይጎተት ነበር ማለት ነው።

ሁለቱ ምልክቶች የተለያየ ነገር ይናገራሉ። ማዘንበሉ ካምበር ይባላል። ኤስ2000 ከፋብሪካ ስትወጣም የኋላ ጎማዋ አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ዝቅ ስትል ይጨምራል። የጎማው አፍንጫ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ ደግሞ ቶ ይባላል። ካምበሩ ብቻውን ጎማውን ቀስ ብሎ ነው የሚበላው። ቶው ሲበላሽ ግን ጎማው እየተፋቀ ይሄዳል፤ ሁለቱ ሲደመሩ የውስጡን ጠርዝ በጥቂት ወራት ይጨርሱታል። ሰው ሁሉ ካምበሩን ይወቅሳል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ቶውን ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አላይመንት (ካምበሩንና ቶውን ማስተካከል)፣ ከዚያ የጎማ መጠን፣ ከዚያ የጎማ ዓይነት ነው። ይሄን የምለው ካምበሩና የጎማው መጠን ስለሚነካኩ ነው። ጎማው ወደ ውስጥ ሲያዘነብል አናቱ ከፓራፋንጎው ይሸሻል፤ ቦታ አለ መስሎ ይታያል። ጎማውን ለማዳን ካምበሩን በአንድ ዲግሪ ሲቀንሱት ግን አናቱ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ተመልሶ ወደ ውጭ ይወጣል። ትናንት ያልነካው ጎማ ዛሬ ይነካል። በኤስ2000 ላይ ካምበሩም ቶውም ከፋብሪካ በመጣው ቡሎን ይስተካከላል። መኪናዋ ብዙ ዝቅ ካለች ያ ቡሎን አይደርስም፤ ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኘውን ክንድ በሚስተካከል ዓይነት መቀየር ያስፈልጋል። ይህን የሁለት ጎማ ዋጋ ካወጡ በኋላ ሳይሆን ከዚያ በፊት ማወቁ ይሻላል።

መጠኑ ላይ ብዙ ሰው ሰፋ ያለ ይፈልጋል። በኤፒ2 ቸርኬ ላይ 255/40 አር 17 ይገባል። ሆንዳ ራሱ በ2008 ሲአር በተባለችው ሞዴል ላይ ከኋላ ያሰረው ይሄንን መጠን ነው። ከ245ቱ ጋር ሲነጻጸር በየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ በቁመት በጠቅላላው 8 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ቁመቷ ባልተነካ መኪና ላይ ይሄ ችግር የለውም። ዝቅ ባለችው ላይ ግን የፓራፋንጎውን የውስጥ ከንፈር ማጠፍ ይጠይቅ ይሆናል። 245/45 የሚያስር ሰው ደግሞ አለ፤ ያንን አልመክርም። ጎማው በ24 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ግማሹ ማለትም 12 ሚሊ ሜትሩ ወደ ፓራፋንጎው ይጠጋል። ያችው ክፍተት ናት በዝቅታው የጠበበችው።

አንድ ቦታ አለ ማንም ቶሎ የማያየው። የኋላ ባምፐሩ ከፓራፋንጎው ጋር በሚገናኝበት ጥግ፣ ከጎማው አናት ትንሽ ወደ ኋላ፣ ባምፐሩን የያዘ ቁራጭ ብረትና ብሎን ወደ ውስጥ ይወጣል። ዝቅ ባለች ኤስ2000 ላይ ጎማው ጉብታ ላይ ሲዘል ይሄ ብሎን የጎማውን የውጭ ጠርዝ ይቀድዳል። አዲስ ጎማ ከመታሰሩ በፊት እጅን አስገብቶ መዳሰስ፣ ከወጣም ማጠፍ ወይም መቁረጥ ነው።

ቁጥሩ አንድ ሆኖ ጎማው የማይመሳሰልበት ጊዜም አለ። የአንዱ ፋብሪካ 245 ከሌላው 245 ሰፋ ሊል ይችላል። ለዚህ ነው ክፍተቱ በሚሊ ሜትር በሚቆጠርበት መኪና ላይ አምራቹ ያወጣውን ትክክለኛ ስፋት ማየት የሚገባው።

ሁለቱ የኋላ ጎማዎች አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን፣ እኩል ያለቁ መሆን አለባቸው። ኤስ2000 ቶርሰን የሚባል ዲፈረንሻል፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍል ክፍል፣ አላት። አንዱ ጎማ አዲስ ሌላው ያለቀ ሲሆን ቀጥ ባለ መንገድ ላይም ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት ስለሚዞሩ ዲፈረንሻሉ ዕረፍት አያገኝም። ከፊት ጋር ደግሞ ሞዴሉ ቢመሳሰል ጥሩ ነው። ካልሆነ የተሻለ የሚይዘው ከኋላ ይሁን፤ ተቃራኒው የዚህችን መኪና ኋላ አስወጥቶ በራሷ ላይ ያዞራታል።

ስለ ዓይነቱ፦ አሜሪካ ውስጥ በሚሸጡ ጎማዎች ጎን ላይ ጥርሱ ምን ያህል ቶሎ እንደሚያልቅ የሚጠቁም ቁጥር አለ። እንደ ብሪጅስቶን ፖቴንዛ አርኢ-71አርኤስ ያለው 200 ይላል፤ ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4ኤስ 300፤ አራቱንም ወቅት የሚችለው ኮንቲኔንታል ኤክስትሪም ኮንታክት ዲደብሊውኤስ 06 ፕላስ 560። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው አብዛኛውን ጊዜ መንገዱን በደንብ ይይዛል፣ ቶሎም ያልቃል። ግን ፈተናውን የሚያደርገው አምራቹ ራሱ ስለሆነ የሁለት ፋብሪካ ቁጥር በእኩል አይመዘንም። በየቀኑ ለሚነዳት ሰው 200 የሚለው አያዋጣም። ካምበሯ የበዛ መኪና ላይማ ለስላሳው ላስቲክ በውስጥ በኩል ወዲያው ያልቃል።

የበጋ ጎማ፣ ማለትም ለሙቀት ጊዜ የተሠራው፣ ቅዝቃዜው ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ይደርቃል፤ መያዙን ይተዋል። ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ ያለ ሰው መኪናዋን ክረምት ላይ የማያቆማት ከሆነ የአራቱን ወቅት ጎማ ይውሰድ። ዱባይ ላለ ሰው ጠላቱ ሙቀት ነው። እዚያ ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ያረጃል፤ ስለዚህ ዕድሜውን ማየት ግድ ነው። በጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ (DOT) ብሎ ከሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች ይነግሩታል፤ 2324 ከሆነ በ2024 ዓመት 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል።

ነፋሱ እንደ ፋብሪካው 32 ፒኤስአይ ነው፤ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ይለካ። አዲስ ጎማ ፊቱ ላይ የምርት ቅባት ስላለው መጀመሪያ ላይ ይንሸራተታል። ለጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በእርጋታ መንዳት ያስፈልጋል።

ውስጡ ቀድሞ እንደሚያልቅ እየታወቀ ካምበሩን መቀነስ የማይፈልግ ሰው አንድ ዘዴ አለው። ጎኑ ላይ የመዞሪያ ቀስት ያለውን ጎማ ይግዛ። ግማሽ ሲደርስ ሁለቱን ከቸርኬያቸው አስወልቆ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ቸርኬ ላይ ያስገልብጥ። ቀስቱ ወደ ፊት እንዳየ ይቀራል፤ ያለቀው የውስጥ ጠርዝ ውጭ ይሆናል፤ ያልተነካው ወደ ውስጥ ይገባል። ውስጥና ውጭ ተብሎ ምልክት ያለበት ጎማ ግን ይህን አይፈቅድም፤ ጎሚስታው እሺ ቢልም እንኳ ውጭ የሚለው ጎን ሁልጊዜ ውጭ መሆን አለበት።