የአሞራ ገደል ሳፋና የጂማት ፕሮባቢሊቲ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሐዋሳ ላይ ለጂማት፣ ማለትም ለቢዝነስ ማስተርስ መግቢያ ፈተና፣ የሚዘጋጅ ተማሪ የፕሮባቢሊቲ (የዕድል ስሌት) ቀመር አይጠፋውም። የሚጥለው የመረጃ በቂነት ጥያቄ ነው፤ አንድ ጥያቄና ሁለት መግለጫዎች ይቀርቡለትና መልሱ ላይ ለመድረስ የትኛው መግለጫ እንደሚበቃ ይወስናል። የተለመደው የከረጢትና የባለቀለም ኳስ ምሳሌ ስለሰለቸኝ በሐዋሳው የዓሣ ገበያ፣ በአሞራ ገደል ዓሣ እንሥራ፦ አንድ ሳፋ ውስጥ ቆሮሶና አምባዛ የተባሉ ሁለት የዓሣ ዓይነቶች ብቻ አሉ።

«ብዛቱ ካልታወቀ ዕድሉ አይታወቅም»

ሳናይ አንድ ዓሣ ብናወጣ ቆሮሶ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? የቆሮሶና የአምባዛ ጥምርታ 3 ለ 2 እንደሆነ ከተነገረን በቂ ነው፤ ሳፋው 5 ይያዝ 500፣ መልሱ 3/5 ነው። ሁለት ዓሣ አከታትለን፣ የመጀመሪያውን ሳንመልስ ብናወጣ ሁለቱም ቆሮሶ የመሆን ዕድላቸው ሲጠየቅ ግን ያው ጥምርታ አይበቃም። ዓሣው 5 ከሆነ 3/10፣ 10 ከሆነ 1/3 ይመጣል።

«ሁለት መፍትሔ ያለው እኩልታ በቂ አይደለም»

ጎበዞቹን የሚጥለው ይህ ነው። ሳፋው ውስጥ 10 ዓሣ አለ፤ የተጠየቀው የቆሮሶው ብዛት ነው፤ «ቀ» እንበለው።

መግለጫ 1፦ ሁለት ብናወጣ ሁለቱም ቆሮሶ የመሆን ዕድላቸው 1/3 ነው። እኩልታው ቀ(ቀ−1) = 30 ይሆናል፤ መፍትሔዎቹ 6 እና −5 ናቸው። ከዜሮ በታች ዓሣ የሚሸጥ ነጋዴ እስኪገኝ ድረስ መልሱ 6 ብቻ ነው። በቂ።

መግለጫ 2፦ አንዱ ቆሮሶ፣ ሌላው አምባዛ የመሆን ዕድሉ 8/15 ነው። አሁን ቀ(10−ቀ) = 24 ይወጣል፤ 4ም 6ም ያስኬዳሉ። በቂ አይደለም።

የቸኮለ ተማሪ ሁለቱን አጣምሮ 6 ላይ ሲደርስ «ሁለቱ በአንድነት ይበቃሉ» የሚለውን ይመርጣል። ያ ምርጫ ትክክል የሚሆነው አንዳቸውም ለብቻቸው ሳይበቁ ሲቀሩ ነው፤ እዚህ መግለጫ 1 ብቻውን ሥራውን ጨርሷል።

«መልሱ አሉታዊ ከሆነ መረጃው አልበቃም»

ቆሮሶ የመውጣት ዕድሉ ከ1/2 ይበልጣል ወይ ተብለን፣ መግለጫው አምባዛው ይበዛል ካለ መልሱ ቁርጥ ያለ «አይበልጥም» ነው። ቁርጥ ያለ እስከሆነ ድረስ በቂ ነው።

«ሁለት ዕድሎች ከተሰጡ ማባዛት ነው»

ነገ ጠዋት የመዝነቡ ዕድል 0.4፣ ባጃጅ የመጥፋቱ ዕድል 0.5 ቢሆን ሁለቱ አብረው የመከሰታቸው ዕድል 0.2 ነው? ዝናብ ሲጥል መንገድ ዳር ቆሞ ባጃጅ የጠበቀ የሐዋሳ ሰው ይስቅብናል። አንዱ በሌላው ላይ ተጽዕኖ እንደሌለው ካልተነገረን የጋራ ዕድሉ ከ0 እስከ 0.4 የትም ሊያርፍ ይችላል።

«ስሌቱን እስከ መጨረሻ መሥራት አለብኝ»

ጂማት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2023 መጨረሻ በወጣው አዲስ ቅርጹ የመረጃ በቂነት ጥያቄዎችን ከሒሳብ ክፍል አውጥቶ ዳታ ኢንሳይትስ ወደተባለው ክፍል አዛውሯቸዋል፤ 20 ጥያቄ በ45 ደቂቃ። ስክሪኑ ላይ ካልኩሌተር አለ፤ በእኔ እምነት ፈተናው ላይ ካሉት ማባበያዎች አንዱ እሱ ነው። በሳፋው ካሉት 138 ዓሣዎች 47ቱ ቆሮሶ መሆናቸው ከተነገረን፣ የሁለት ቆሮሶ ዕድል 47/138 ሲባዛ በ46/137 እንደሆነ ማወቁ ይበቃል። ብዜቱን ማንም አልጠየቀንም፤ ምርጫውን ነክቶ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው።