ጋና ለሲክል ሴል ሕክምና ገንዘብ ከየት ታመጣለች?

ጋና ውስጥ ከሚወለዱ 50 ሕፃናት አንዱ ገደማ ሲክል ሴል አለበት። በዓመት ወደ 15 ሺህ ሕፃናት ማለት ነው። ሕመሙ በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ ነው። ክብ መሆን የነበረባቸው ቀይ የደም ሕዋሳት እንደ ማጭድ ይታጠፉና ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይዘጋሉ። አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ሕመም፣ የደም ማነስ፣ ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን፣ አንዳንዴም በልጅነት ስትሮክ ያስከትላል።

የሚታመመው ዘረመሉን ከእናትም ከአባትም የወረሰ ልጅ ነው። ከአንዱ ብቻ የወረሰ ሰው ጤነኛ ሆኖ ይኖራል፤ ከከባድ ወባም ይጠበቃል። ወባ በበዛበት ምዕራብ አፍሪካ የተስፋፋው፣ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ ደግሞ ብዙም የማይታየው በዚህ የተነሳ ነው።

የሚያስቆጨው ነገር ሕይወት የሚያተርፈው ሕክምና ርካሽ መሆኑ ነው። ሕፃኑ እንደተወለደ ከተረከዙ ጥቂት ደም ተወስዶ ይመረመራል። ሕመሙ ከተገኘበት ፔኒሲሊን በየቀኑ ይጀምራል፣ ክትባቶቹን ይወስዳል፣ ወላጆቹም ትኩሳት ሲይዘው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም እንዲሮጡ ይመከራሉ። በ1986 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ፔኒሲሊን ብቻውን ከባድ ኢንፌክሽንን በ84 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፔኒሲሊን የትም ያለ መድኃኒት ነው። የሚቸግረው ገንዘቡን በየዓመቱ ሳያቋርጥ የሚከፍል አካል ማግኘት ነው።

ጋና ለዚህ ነገር አዲስ አይደለችም። ዶክተር ፌሊክስ ኮኖቴይ-አሁሉ ሕመሙን በገዛ ቤተሰባቸው የዘር ሐረግ እስከ 1670 ድረስ ወደ ኋላ ተከትለውታል። አክራ በሚገኘው ኮርሌ ቡ ሆስፒታል ያለው የክሊኒካል ጄኔቲክስ ተቋም በ1974 ተከፈተ፤ አዋቂ ታማሚዎች ዛሬም እዚያ ይታከማሉ።

ትልቁ ለውጥ ግን የመጣው ከኩማሲ ከተማ ነው። ፕሮፌሰር ክዋኩ ኦሄኔ-ፍሬምፖንግ በወጣትነታቸው አሜሪካ ለሚገኘው የል ዩኒቨርሲቲ መሰናክል የሚሮጡ አትሌት ነበሩ። የበኩር ልጃቸው ከሲክል ሴል ጋር ተወለደ። እሳቸውም ዕድሜያቸውን ለዚህ ሕመም ሰጡ። ፊላደልፊያ ውስጥ እየሠሩ፣ ከአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በተገኘ የምርምር ገንዘብ በ1995 በኩማሲና አቅራቢያዋ ባለችው ቲክሮም የጨቅላዎችን ምርመራ አስጀመሩ። በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ሕፃናት ተመረመሩ፤ 1.9 በመቶ የሚሆኑት ሕመሙ ሳይኖርባቸው እንደማይቀር ታወቀ። ሥራው በአፍሪካ ከተማም ሆነ ገጠር ሊሠራ እንደሚችል በተግባር ታየ። ፕሮፌሰሩ በ2022 አረፉ።

የምርምር ገንዘብ ግን ማብቂያ ቀን አለው። መንግሥት በ2010 ምርመራውን አገር አቀፍ ለማድረግ ወሰነ፤ በጀቱ ግን ውሳኔውን አልተከተለም። ስለዚህ ዛሬም አንድ የጋና ሕፃን መመርመር አለመመርመሩን የሚወስነው የተወለደበት ቦታ ነው። ይህ ልክ አይደለም። ሕመሙ ኖሮበት ያልተመረመረ ልጅ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው በትኩሳት ሊሞትና ሐዘንተኛው ቤት ምክንያቱን ሳያውቅ ሊቀር ይችላል።

በመድኃኒቱ በኩል ነገሩ የተሻለ ሄዷል። ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባለው እንክብል አሜሪካ ውስጥ ለሲክል ሴል የተፈቀደው በ1998 ነው። ለአፍሪካ ልጆች ግን ለረጅም ጊዜ ተፈራ፤ ወባ ያባብስባቸዋል የሚል ስጋት ነበር። በአንጎላ፣ በኮንጎ ዲሞክራቲክ ሪፐብሊክ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተካሄደው ጥናት በ2018 መጨረሻ ሲወጣ ተቃራኒውን አሳየ። ሕመሙ፣ ኢንፌክሽኑ፣ ደም መውሰዱ፣ ሞቱ፣ ወባው ጭምር ቀነሰ። በ2019 የጋና መንግሥት ከኖቫርቲስ የመድኃኒት ኩባንያ ጋር ተፈራረመና መድኃኒቱ ወደ አገሪቱ መግባት ጀመረ። በ2022 ደግሞ ብሔራዊ የጤና መድኑ ወጪውን ሊሸፍን ተስማማ።

የዚህ ስምምነት ትልቅነት የሚገባው የመድኑ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ሲታይ ነው። ጋና የጤና መድኗን በ2003 በሕግ ስታቋቁም በአባላት መዋጮ ላይ ብቻ አልተማመነችም። በዕቃና በአገልግሎት ላይ 2.5 በመቶ የጤና መድን ታክስ ጣለች፤ ከደመወዝተኛው የጡረታ መዋጮም ከደመወዙ 2.5 በመቶ የሚሆነው ወደዚያው እንዲሄድ አደረገች። ስለዚህ አክራ ውስጥ ሱቅ ገብቶ ይህ ታክስ ያለበትን ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁሉ ለአንድ የማያውቀው ልጅ እንክብል እየከፈለ ነው። ከ18 ዓመት በታች ያሉ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ከ70 በላይ የሆኑ አረጋውያንም የአባልነት መዋጮ አይጠየቁም። ለሲክል ሴል ቤተሰብ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ልጅ ሆስፒታል በተመላለሰ ቁጥር ሥራ የሚፈቱት እናት ናቸው።

ክፍተቱ ግን ብዙ ነው። መድኑ ለሆስፒታሎች የሚከፍለው ዘግይቶ ነው፤ ክፍያው ሲዘገይ ፋርማሲው ይራቆታል፣ ቤተሰብ ውጭ ገዝቶ እንዲመጣ ይነገረዋል። መዋጮ ሳይከፍል ያደገው ልጅ 18 ሲሞላው ከፋይ ይሆናል፤ ከሕፃናት ክሊኒክ ወደ አዋቂዎች የሚዛወረውም በዚሁ ዕድሜ አካባቢ ነው። ስትሮክ ከመምጣቱ በፊት የሚያሳውቀው የጭንቅላት ደም ሥር አልትራሳውንድ በጥቂት ትልልቅ ሆስፒታሎች ብቻ ይገኛል።

በ2023 ታኅሣሥ አሜሪካ ለሲክል ሴል ሁለት የዘረመል ሕክምናዎችን አጸደቀች። ካስጌቪ 2.2 ሚሊዮን ዶላር፣ ሊፍጄኒያ 3.1 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ ሰው። ዜናው ደስ ይላል። ለኩማሲ እናት ግን ለጊዜው የምትደርስበት አይደለም፤ በአንዱ ዋጋ ስንት ሺህ ልጅ ሃይድሮክሲዩሪያ ይውጥ ነበር።

የመድኑ ታክስ ራሱም ሙሉ በሙሉ ለመድኑ አልደረሰም ነበር። በ2017 የወጣ ሕግ ለተወሰነ ዓላማ በሚሰበሰቡ ገንዘቦች ላይ ጣሪያ አበጀ፤ የተረፈው ወደ ሌላ የመንግሥት ወጪ ሄደ። በ2025 በጀት ለጤና መድኑ ይህ ጣሪያ ተነሳ። ከሚገኘው ተጨማሪ ገንዘብ መጀመሪያ መገዛት ያለበት በየማዋለጃ ክፍሉ የሚያስፈልገው መመርመሪያ ይመስለኛል። አሁን እንደ ወባው ፈጣን ምርመራ ወዲያው ውጤት የሚያሳይና በጥቂት ዶላር የሚገዛ ዓይነት አለ። ላቦራቶሪ የሌለው ጤና ጣቢያም ሊጠቀምበት ይችላል።