«ማሽኑ ፍርሃትን ያነብባል» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

«የቆዳ መለኪያው ሰውዬው ፈርቶ እንደሆነ ያሳያል።»

አያሳይም። የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ በተነሳ ቁጥር ይህን አባባል መስማት ያሰለቻል። ጣት ላይ የሚለጠፉት ሁለት ኤሌክትሮዶች የሚለኩት ቆዳው ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ ነው። የመዳፍ ላብ ዕጢዎችን የሚያዝዘው ሲምፓቴቲክ የሚባለው፣ ያለፈቃዳችን ሰውነትን የሚያነቃቃው የነርቭ ሥርዓት ነው፤ እሱ ሲነቃ ላብ ቱቦዎቹን ይሞላል፣ መስመሩም ወደ ላይ ያብጣል። የሚያነቃው ግን ፍርሃት ብቻ አይደለም። ድንገተኛ ድምፅ፣ የሂሳብ ጥያቄ፣ ደስ የሚል ፎቶ፣ በረጅሙ መተንፈስ፣ ሳል፣ ሁሉም የሚያወጡት ያንኑ ጉብታ ነው። ፍርሃት ጉብታ ያመጣል ማለት ጉብታ ሁሉ ፍርሃት ነው ማለት አይደለም። ይህች ቀላል ነገር ለምን እንደምትጠፋ እንጃ።

ትርጉሙን የሚሰጠው የሙከራው አሠራር ነው። ሰው አንድን ነገር መፍራት እንዴት እንደሚማር ሲጠና ሁለት ቅርጾች ይቀርባሉ፤ አንዱን ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ይከተለዋል፣ ሌላውን አይከተለውም። ንዝረት ያለበት ቅርፅ ከተሳታፊ ተሳታፊ ይቀያየራል። የሚነበበውም በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ የአንዱ ጉብታ ብቻውን ዋጋ የለውም።

ሰዓቱንም መጠበቅ ያስፈልጋል። የቆዳ ምላሽ የሚጀምረው ቀስቃሹ (ለተሳታፊው የሚቀርበው ድምፅ፣ ፎቶ ወይም ቅርፅ) ከቀረበ ከ1 እስከ 4 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በግማሽ ሰከንድ የታየ ጉብታ የዚያ ቀስቃሽ ሊሆን አይችልም፤ ቀድሞ የተጀመረ ነው። ቀስቃሾች በየ3 ሰከንዱ ከተደረደሩ ምላሾቹ ይደራረባሉ፤ ስለዚህ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይራራቁ፣ ርቀቱም ይለዋወጥ። መጀመሪያ የሚቀርበው ነገር በአዲስነቱ ብቻ ትልቅ ምላሽ ያስነሳል፤ ሲደጋገም ይቀንሳል። ቅደም ተከተሉን ያላቀላቀለ ሰው የለካው ስሜትን ሳይሆን ተራን ነው።

«የውሸት ማወቂያ ውሸት ያውቃል።»

ያው ስህተት ነው፣ ኮት ለብሶ። መሣሪያው የሚመዘግበው ትንፋሽን፣ የደም ግፊትንና የቆዳ ላብን ነው። አልታመንም ብሎ የሚሰጋ ንጹሕ ሰውም ያልበዋል። በ2003 የወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ሪፖርትም ከመሣሪያው እጅግ ከፍተኛ ትክክለኛነት ይጠበቃል ለማለት የሚያበቃው መሠረት ጥቂት እንደሆነ ደምድሟል።

«ቆዳውን በአልኮል አጽድቶ የተገኘውን ጄል መቀባት ነው።»

ለኢኢጂ፣ ማለትም የአንጎልን ኤሌክትሪክ ከራስ ቆዳ ላይ ለመለካት፣ የለመደ እጅ እዚህ ያበላሻል። ለኢኢጂ ቆዳው ይፈተጋል፣ የጄሉም ጨው ብዙ ነው። የቆዳ አስተላላፊነት ሲለካ ግን የሚፈለገው ያልተነካው የላይኛው ሽፋን ነው፤ ጨዋማ ጄል ንባቡን ያለአግባብ ከፍ ያደርገዋል። እጅ በውኃ ብቻ ይታጠብ፤ የጨው መጠኑ 0.5 በመቶ ገደማ የሆነ ጄል ይወሰድ፤ ኤሌክትሮዱ የብር እና የብር ክሎራይድ ይሁን፤ ቮልቴጁ 0.5 ቮልት ላይ ይጽና። ከተለጠፈ በኋላ ጄሉ እስኪሰርግ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይጠበቅ። ክፍሉ ከቀዘቀዘ እጅም ይቀዘቅዛል፣ ምላሹም ይደክማል።

«ደስ የማይል ነገር ሁልጊዜ ልብን ያፈጥናል።» የሚያስጠላ ፎቶ ሲታይ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ልብ ብዙ ጊዜ ዝግ ይላል።

«ኢኢጂ ሐሳብ ያነብባል።» አንድ የዓይን ጥቅሻ ከሚፈለገው የአንጎል ምላሽ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሙከራዎች አማካይ የሚወሰደውም ምላሹ በአንድ ሙከራ ስለማይታይ ነው።

«ምላሽ ያልታየበት ተሳታፊ ስሜት የለውም።»

ፍጹም ጤነኛ ሆነው የቆዳ ምላሻቸው የማይታይ ሰዎች አሉ። ከመጀመርዎ በፊት ተሳታፊው በረጅሙ አየር ስቦ እንዲያስወጣ ያድርጉ። መስመሩ ካልተንቀሳቀሰ ሽቦውን፣ ጄሉን፣ የእጁን ሙቀት በየተራ ይፈትሹ። ሁሉም ደህና ከሆነ ከትንተናው የሚወጣበት መስፈርት፣ ለምሳሌ ከ0.05 ማይክሮ ሲመንስ (የቆዳ አስተላላፊነት መለኪያ አሃድ) በታች የሆነ ምላሽ እንደ ምላሽ አይቆጠርም የሚለው፣ ገና መረጃ ሳይሰበሰብ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ውጤቱ ከታየ በኋላ ተሳታፊ መቀነስ ማጭበርበር ነው።