የራስን የውድድር ሽጉጥ መገጣጠም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዳላስ አካባቢ ቅዳሜ ጠዋት የኢላማ ውድድር የምንሄድ ጥቂት አበሾች አለን። ከውድድሩ በኋላ ቡና ላይ ስንቀመጥ አንዱ መነሣቱ አይቀርም፦ "እኔም የራሴን ሽጉጥ ልገጣጥም ነው።" ከዚያ ከዩቲዩብ የለቀመውን ሁሉ ይዘረግፋል። አልስቅበትም። እኔም የመጀመሪያዬን ስገጣጥም ያንኑ አምኜ ነበር።

የማወራው አይፒኤስሲ ስለሚባለው ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ፣ ሚዙሪ ውስጥ ኮሎምቢያ በምትባል ከተማ ተመሠረተ። አሜሪካ ውስጥ የሚመራው ዩኤስፒኤስኤ የሚባል ማኅበር ነው። ተወዳዳሪው እየተንቀሳቀሰ የካርቶን ኢላማና የብረት ሳህን ይመታል። ያገኘው ነጥብ በፈጀበት ሰከንድ ይካፈላል። 100 ነጥብ በ20 ሰከንድ 5 ይሆናል። 95 ነጥብ በ16 ሰከንድ ግን 5.94 ነው። አምስት ነጥብ የጣለው ሰው አሸነፈ ማለት ነው።

"ምርጥ ምርጡን ዕቃ ልግዛ፤ ምድቡን በኋላ እመርጣለሁ"

ብዙ ገንዘብ የሚያስከስረው ይሄ ነው። ሽጉጥ የሚወዳደረው በምድብ ነው። ምድቡን የሚወስነው ደግሞ ላዩ ላይ የገጠማችሁት ዕቃ ነው።

ኮምፔንሴተርን እንውሰድ። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ይገጠምና የባሩዱን ጋዝ ወደ ላይ ያስወጣል። ጋዙ ወደ ላይ ሲወጣ አፈሙዙን ወደ ታች ይጫነዋል። ሽጉጡ ሲራገጥ እምብዛም አይነሣም። ደስ ይላል። ነገር ግን እሱን የገጠመ ሰው ኦፕን ወደሚባለው ምድብ ይገባል። እዚያ የሚጠብቁት ደግሞ ኃይለኛ ጥይት የሚተኩሱ ሰዎች ናቸው።

የጥይት ኃይል የሚለካው በቀላል ስሌት ነው። የእርሳሱ (ከአፈሙዙ የሚወጣው የጥይቱ ጫፍ) ክብደት ግሬይን በሚባል ትንሽ መለኪያ፣ ፍጥነቱ በጫማ በሰከንድ ይወሰድና ይባዛል፤ ከዚያ ለ1000 ይካፈላል። በዩኤስፒኤስኤ ደንብ 125 የደረሰ "ማይነር"፣ 165 የደረሰ "ሜጀር" ይባላል። 124 ግሬይን እርሳስ በ1050 ጫማ ፍጥነት ከሄደ 130 ገደማ ይመጣል፤ ማይነር ነው። ከሱቅ የሚገዛው ተራ የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት አብዛኛው እዚህ ነው የሚወድቀው።

ኢላማው መሃል ላይ ካረፈ ለሁለቱም 5 ነጥብ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከመሃል ሲወጣ ነው። ቀጥሎ ያለው ክልል ለሜጀር 4፣ ለማይነር 3 ይሰጣል። ዳር ያለው 2 እና 1 ነው። በዚያ ላይ ኮምፔንሴተር የሚሠራው በጋዝ ነው። ደካማ ጥይት በቂ ጋዝ ስለማይሰጠው ዕቃው ክብደት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በተራ ጥይት ኮምፔንሴተር ገጥሞ የመጣ ጀማሪ ሁለት ጊዜ ይቀጣል። ኬሪ ኦፕቲክስ በሚባለው ምድብ ግን ሁሉም ሰው ማይነር ነው፤ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ይፈቀዳል፣ ኮምፔንሴተር አይፈቀድም። እዚያ ቢገባ እኩል ይወዳደር ነበር።

የደንቡ መጽሐፍ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ከማንኛውም ዕቃ በፊት እሱን ማንበብ ነው።

"ምላጩ በቀለለ ቁጥር ይሻላል"

(ብዙ ሰው ቃታ ይለዋል። ውትድርና ያለፈበት ሰው ግን ጣት የሚስበውን ምላጭ ነው የሚለው። እኔም እሱን እከተላለሁ።)

ይሄ ስህተት የእኔ ነበር። የ1911 ዓይነት ሽጉጥ ይዤ ነበር፤ ጆን ብራውኒንግ ነድፎት የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 የተቀበለው ማለት ነው። መዶሻውን ይዞ የሚያቆየውን ትንሽ ብረት ራሴ ሞረድኩት። ቤት ውስጥ ባዶውን ስስበው ቅቤ ነበር። ውድድር ላይ አንዴ ስስብ ሁለት ጥይት ወጣ። ዳኛው አስቆመኝና ሽጉጡን ከውድድር አወጣው። ልክ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስላይዱ (በተተኮሰ ቁጥር ወደ ኋላ ሄዶ የሚመለሰው የላይኛው ብረት) በኃይል ወደ ፊት ሲመለስ ሽጉጡ ይናወጣል። መዶሻውን የያዘው ጫፍ ከሚገባው በላይ ከተሞረደ በንዝረቱ ያመልጣል። ማለስለስና ማቅለል የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ጥሩ ምላጭ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ ሳይጎረብጥ ይለቃል። ክብደቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚታየው። ብዙም ያልተነካኩ የፋብሪካ ሽጉጦች የሚወዳደሩበት የአይፒኤስሲ ፕሮዳክሽን ምድብ ለምላጭ ዝቅተኛ ክብደት የሚያስቀምጠው ያለ ነገር አይደለም። በኦሎምፒኩ የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ውድድር እንኳ ምላጩ ከ500 ግራም ማነስ አይችልም። ይህን ክፍል ለባለሙያ ስጡት። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

"ሽጉጥ ጥብቅ ካለ ኢላማ አይስትም"

ግማሽ እውነት ነው። ስላይዱ ፍሬሙ (እጀታው ያለበት የታችኛው አካል) ላይ ስለተወዛወዘ ብቻ ሽጉጥ አይስትም። ዋናው አፈሙዙ ሁልጊዜ ወደዚያው ቦታ ተመልሶ መቆለፉ ነው። ሁሉም ነገር ከጠበቀ ደግሞ ትንሽ ጥላሸትና አቧራ ይበቃዋል፤ ጥይት ይነክሳል፤ ማለትም ጥይቱ መሃል ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሰዓት እየቆጠረ የነከሰ ጥይት ማላቀቅ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። ለነገሩ በዚህ ውድድር አብዛኛው ኢላማ ቅርብ ነው። የካርቶኑ መሃል 15 በ28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከሱቅ እንደወጣ የሚሠራ ደህና ሽጉጥ ይመታዋል። የሚስተው እጅ ነው።

"ክፍሎቹን ለየብቻ ከገዛሁ ወረቀት አያስፈልገኝም"

አደገኛው ይሄ ነው። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ "መሣሪያ" የሚባለው ፍሬሙ ነው። አፈሙዙ፣ ሞላው፣ ማነጣጠሪያው በፖስታ እቤታችሁ ድረስ ሊመጣ ይችላል። ከሱቅ የሚገዛ ፍሬም ግን ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል፣ ማንነታችሁ ተጣርቶ ነው የሚሰጣችሁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ አይከለከልም። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ሽጉጥም ጥይትም መያዝ አይችልም። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰውማ ጭራሽ አይታሰብም። ይህን ሳያውቁ የጓደኛን ሽጉጥ መያዝ የመኖሪያ ጉዳይን ሊያበላሽ ይችላል።

ከዚያ ላይ ስቴቶቹ የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ቴክሳስ የተለመደው ረጅም ካዝና ካሊፎርኒያ ውስጥ አይሸጥም፤ እዚያ ጣሪያው 10 ጥይት ነው። አገር ቤትም ቢሆን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መሥራትንም መጠገንንም ይከለክላል። እዚህ የለመድነውን እዚያ ይዘን መሄድ አይታሰብም።

"ራሴ ከሠራሁት ይረክሳል"

አይረክስም። "ዝም ብሎ ይገጥማል" ተብሎ የተሸጠ ዕቃ ብዙ ጊዜ ሞረድ ይፈልጋል። ከልክ በላይ የተሞረደ ብረት ደግሞ አይመለስም። መለኪያው፣ ልዩ መያዣው፣ ለባለሙያ የሚከፈለው ሲደመር ያለቀለትን መግዛት ይቀል ነበር። እኔ የመጀመሪያውን ሽጉጥ ባለሙያ አስተካክሎልኝ አሁንም እተኩስበታለሁ። ያበላሸኋቸው ሁለት ብረቶች ጋራዥ ውስጥ በቡና ጣሳ ተቀምጠዋል። ቅዳሜ "ልገጣጥም ነው" የሚል ሰው ሲመጣ ጣሳውን አወጣለታለሁ።