ሰዓት የገባበት ጨዋታ፦ የሜጀር ሊግ ቤዝቦል የሕግ ለውጦች

ቤዝቦልን ከሌሎች ታላላቅ የቡድን ስፖርቶች ለይቶት የኖረው ሰዓት የማያውቅ ጨዋታ መሆኑ ነው። በእግር ኳስ 90 ደቂቃውና ጭማሪው ሲያልቅ ዳኛው ፊሽካውን ይነፋል፤ ቤዝቦል ግን በመደበኛ አካሄዱ የሚያበቃው እያንዳንዱ ቡድን በዘጠኝ ዙር ውስጥ 27 ጊዜ «አውት» (መቺ ወይም ሯጭ ተሸንፎ መውጣት) ሲባል ነው። የአሜሪካና የካናዳ 30 ክለቦች የሚወዳደሩበት ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ይህን ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ ልማድ በ2023 ለወጠው። ጨዋታው ዛሬም በደቂቃ አይገደብም፤ ነገር ግን በአንድ ውርወራና በሚቀጥለው መካከል ያለችው ጊዜ ትቆጠራለች። በዚሁ ዓመት የቤዞቹ (ሯጮች የሚደርሱባቸው፣ በሜዳው ማዕዘናት ያሉ ማረፊያዎች) ስፋትና የተከላካዮቹ አቋቋምም በሕግ ተወሰነ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጨዋታው እምብርት የሁለት ሰዎች ፍልሚያ ነው። ወርዋሪው ከአፈር በተሠራች ጉብታ ላይ ቆሞ፣ 18.4 ሜትር ያህል ርቆ ወደሚጠብቀው መቺ ኳሷን ይወረውራል። መቺው ሦስት «ስትራይክ» (ሰንዝሮ መሳት ወይም በተወሰነው ቀጠና ያለፈችን ኳስ መተው) ከተቆጠረበት ይወጣል፤ ወርዋሪው በበኩሉ ከቀጠናው ውጪ አራት ጊዜ ከወረወረና መቺው ዱላውን ካልሰነዘረ (እንዲህ ያለው ውርወራ «ቦል» ይባላል)፣ መቺው ያለ ምት ወደ አንደኛው ቤዝ ይሄዳል። ቤዞቹን ዞሮ የገባ ሯጭ ነጥብ ያስቆጥራል። ኳሷን ከሜዳው አጥር ማዶ መላክ «ሆም ራን» ሲባል፣ ቤዝ ላይ ያለ ሯጭ ውርወራውን ጠብቆ ወደሚቀጥለው ቤዝ መሮጡ ደግሞ «መስረቅ» ይባላል።

የ2023ቱን ለውጥ ለመረዳት ክለቦቹ ከዚያ በፊት በነበሩት ሃያ ዓመታት ውስጥ ምን እንደተማሩ ማየት ያስፈልጋል። የሒሳብና የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ወደ ክለብ ጽሕፈት ቤቶች ከገቡ ወዲህ እያንዳንዱ ውርወራ፣ ምትና ሩጫ ይለካ ጀመር። ባለሙያዎቹ ያገኙት መልስ ለአንድ ክለብ ጥቅም ሲታይ ትክክል ነበር። ወርዋሪ በሙሉ ኃይሉ ጥቂት ዙር ወርውሮ ቢለወጥ ይሻላል፤ መቺም ብዙ ጊዜ ቢስት እንኳ ሆም ራን ቢፈልግ ያዋጣል፤ መስረቅ ከአራት ሙከራ ሦስቱ ገደማ ካልተሳካ ኪሳራ ነው፤ ተከላካዮችም መቺው ኳሷን አዘውትሮ የሚልክበት ጎን ላይ ቢከማቹ ይጠቅማል። ሠላሳውም ክለብ ይህንኑ ሲያደርግ ግን ጨዋታው ቆመ። ኳሷ ሜዳ ላይ የምትንከባለልበት፣ ሰው ሮጦ የሚይዛትና የሚስትበት ቅጽበት እየጠፋ ሄደ። የዘጠኝ ዙር ጨዋታ አማካይ ርዝመት በ2021 ሦስት ሰዓት ከ10 ደቂቃ ደርሶ ክብረ ወሰን ሆነ፤ በ2022 የሊጉ የመምታት አማካይ፣ ማለትም ከመምታት ሙከራዎች መካከል የተሳካው ድርሻ፣ ወደ 0.243 ወርዶ ከ1968 ወዲህ ዝቅተኛው ተመዘገበ። ጥፋቱ የማንም ክለብ ብቻውን ስላልነበረ፣ ሊያርመው የሚችለው ሕግ አውጪው ብቻ ነበር።

ሕግ አውጪው እንዲህ ጣልቃ ሲገባ የመጀመሪያው አይደለም። ወርዋሪው ዛሬ ከቆመበት ርቀት ላይ የቆመው በ1893 ነው። በ1920 ኳሷን በምራቅ አርሶ መወርወር ለአዳዲስ ወርዋሪዎች ተከለከለ። «የወርዋሪዎች ዓመት» ተብሎ በሚታወሰው 1968 ደግሞ የሴንት ሉዊሱ ወርዋሪ ቦብ ጊብሰን በዘጠኝ ዙር በአማካይ 1.12 ነጥብ ብቻ ተቆጠረበት፤ ከሜጀር ሊጉ ሁለት ክፍሎች አንዱ በሆነው በአሜሪካን ሊግ ቀዳሚ የነበረው መቺ ካርል ያስትረዜምስኪ አማካይ 0.301 ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የወርዋሪው ጉብታ ከ38 ሴንቲ ሜትር ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ተደረገ፣ የስትራይክ ቀጠናውም ጠበበ። በ1973 አሜሪካን ሊግ በወርዋሪው ቦታ የሚመታ ተጫዋች ፈቀደ፤ ሌላው ክፍል፣ ናሽናል ሊግ፣ ይህን በቋሚነት የተቀበለው ከ49 ዓመት በኋላ፣ በ2022 ነው።

አዲሱን ደንብ ያጸደቀው ስድስት የክለብ ባለቤቶች፣ አራት ተጫዋቾችና አንድ ዳኛ ያሉበት ኮሚቴ ሲሆን፣ ተጫዋቾቹ በሰዓቱና በተከላካዮች አቋቋም ላይ ተቃውሞ ድምፅ ሰጥተው ተሸንፈዋል። ደንቡ በአጭሩ እንዲህ ነው። ቤዝ ላይ ሯጭ ከሌለ ወርዋሪው 15 ሴኮንድ፣ ካለ ደግሞ 20 ሴኮንድ ነበረው፤ ሁለተኛው በ2024 ወደ 18 ዝቅ ብሏል። ወርዋሪው ጊዜው ካለፈበት ለመቺው አንድ «ቦል» ይቆጠርለታል፤ መቺው ደግሞ 8 ሴኮንድ ሲቀር ተዘጋጅቶ ካልጠበቀ አንድ «ስትራይክ» ይቆጠርበታል። ወርዋሪው ሯጩን ለማስፈራራት ወደ ቤዝ መወርወርም ሆነ ከቦታው መውረድ የሚችለው በአንድ መቺ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ በሦስተኛው ሯጩን ካላስወጣው ሯጩ አንድ ቤዝ በነፃ ያገኛል።

ሕጉ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ተመልካቹ የተረዳው መደበኛው ውድድር ከመጀመሩም በፊት ነበር። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2023 በፍሎሪዳዋ ኖርዝ ፖርት አትላንታ ብሬቭስና ቦስተን ሬድ ሶክስ በዝግጅት ጨዋታ 6 ለ 6 እኩል ናቸው። ዘጠነኛው ዙር፣ ሁለት አውት፣ ሦስቱም ቤዞች በብሬቭስ ሯጮች የተሞሉ፣ በመቺው ካል ኮንሊ ላይ የተቆጠረው ደግሞ ሦስት ቦልና ሁለት ስትራይክ ነው። አንድ ቦል ቢጨመር ኮንሊ ወደ አንደኛው ቤዝ ሲሄድ የሦስተኛው ቤዝ ሯጭ ስለሚገባ ብሬቭስ ያሸንፋል። ዳኛው እጁን አውጥቶ ጨዋታውን ሲያቆም ኮንሊ ጥፋቱ የወርዋሪው መስሎት ወደ አንደኛው ቤዝ መራመድ ጀመረ። ጥፋቱ ግን የራሱ ነበር፤ በ8 ሴኮንዱ ገደብ አልተዘጋጀም። ሦስተኛ ስትራይክ ተቆጠረበትና ጨዋታው ኳስ ሳትወረወር በእኩል ውጤት አለቀ። በዚያን ቀን ብዙ ተመልካች ስፖርቱ ተበላሸ ብሎ ነበር። እንደዚያ አልሆነም፤ ተጫዋቾቹ በፍጥነት ለመዱት፣ በ2022 የገባው የኤሌክትሮኒክስ ምልክት መስጫም የወርዋሪውንና ከመቺው ጀርባ ኳሷን የሚይዘውን የተቀባዩን መግባቢያ አሳጥሮላቸዋል። የጨዋታው አማካይ ርዝመት በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ሁለት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወረደ። ስታዲየም የገባው ሕዝብም ከ64.5 ሚሊዮን ወደ 70.7 ሚሊዮን ከፍ አለ። በሥራ ቀን ማታ ልጁን ይዞ ለሚሄድ ወላጅ ይህ ወደ ግማሽ ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ትንሽ ነገር አይደለም።

በእኔ ግምት ከሁሉ ደስ የሚያሰኘው ለውጥ የእግር መመለስ ነው። እያንዳንዱ ቤዝ በጎኑ ከ38 ወደ 46 ሴንቲ ሜትር በመስፋቱ፣ ከአንደኛው እስከ ሁለተኛው ቤዝ ያለው ርቀት በ11 ሴንቲ ሜትር ገደማ አጠረ። ይህ የጫማ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም ሯጭ አውት መሆን አለመሆኑ ብዙ ጊዜ የሚለየው በዚህችው ልክ ነው። የወርዋሪው ሙከራ በሁለት መገደቡ ሲጨመርበት በሊጉ የተሰረቁት ቤዞች በ2022 ከነበሩበት 2,486 በ2023 ወደ 3,503 ዘለሉ፤ ከአምስት ሙከራ አራቱ የተሳካ ሆነ። ከአራት ሦስት ይል የነበረው ሒሳብ ስለታለፈ፣ ያው መስረቅን ኪሳራ ያለው ባለሙያ አሁን «ሩጡ» ማለት ጀመረ። በዚያው ዓመት የአትላንታው ሮናልድ አኩኛ ጁኒየር 41 ሆም ራን መትቶ 73 ቤዝ ሰረቀ፤ ከእርሱ በፊት 40 ሆም ራንና 70 ስርቆት በአንድ ዓመት ያጣመረ አልነበረም። በ2024 የሎስ አንጀለስ ዶጀርሱ ሾሄ ኦታኒ፣ ክርኑ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት መወርወር ባልቻለበት ዓመት፣ በ54 ሆም ራንና በ59 ስርቆት 50ን ከ50 በማጣመር የመጀመሪያው ሆነ። አሪዞና ዳይመንድባክስም በመደበኛው ውድድር 84 ጊዜ ብቻ አሸንፎ ለ2023 የሊጉ ተከታታይ የፍጻሜ ጨዋታዎች፣ ማለትም ለወርልድ ሲሪስ ሲበቃ፣ 54 ቤዝ የሰረቀው አዲስ ተጫዋች ኮርቢን ካሮል ከምሰሶዎቹ አንዱ ነበር።

የተከላካዮቹ አቋቋም ጉዳይ ግን የተደባለቀ ውጤት ነው ያለው። በአዲሱ ደንብ ከአራቱ የውስጥ ተከላካዮች ሁለቱ በሁለተኛው ቤዝ ቀኝ፣ ሁለቱ በግራ መቆም አለባቸው። የቴክሳስ ሬንጀርሱ ግራኝ መቺ ኮሪ ሲገር በ2022 አማካዩ 0.245 ነበር፤ በ2023 0.327 ደርሶ ከክለቡ ጋር ዋንጫውን አነሣ፣ የፍጻሜው ኮከብም ተባለ። እንደ እርሱ ግራኝ የሆነውና ተከላካዮች ይከማቹበት የነበረው ጆይ ጋሎ ግን ከ0.160 ወደ 0.177 ብቻ ነው ከፍ ያለው። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ሲገር ኳሷን አዘውትሮ ያገኛታል፣ ጋሎ ደግሞ አብዝቶ ይስታታል፤ ላልተመታች ኳስ የተከላካይ ቦታ ምንም አይፈይድም።

የአሠልጣኞች ሥራም በሕግ እየተቀየረ ነው። ከ2020 ጀምሮ ተቀይሮ የገባ ወርዋሪ፣ ዙሩ ካላለቀ ወይም ካልተጎዳ በቀር፣ ቢያንስ ሦስት መቺዎችን መግጠም ስላለበት፣ ለአንድ ግራኝ መቺ ብቻ ተጠርቶ ይወጣ የነበረው ልዩ ወርዋሪ ከሙያው ተሰናበተ። ወርዋሪን የመለወጡ ውሳኔ ራሱ ግን በአሠልጣኙ እጅ እንዳለ ነው፤ ክብደቱም በኦክቶበር 27 ቀን 2020 ታይቷል። የታምፓ ቤይ ሬይስ ወርዋሪ ብሌክ ስኔል በፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ 73 ኳስ ብቻ ወርውሮ፣ ዘጠኝ የዶጀርስ መቺዎችን በስትራይክ አስወጥቶ 1 ለ 0 እየመራ ነበር። አሠልጣኙ ኬቨን ካሽ በስድስተኛው ዙር አንድ ሯጭ ቤዝ ላይ እንደደረሰ፣ ወርዋሪ ያንኑ መቺ ለሦስተኛ ጊዜ ሲገጥም ይዳከማል የሚለውን የክለቡን ስሌት ተከትሎ አስወጣው። ተከታዩ መቺ ሙኪ ቤትስ የተተኪውን ኳስ መታ፣ ዶጀርስ በዚያው ዙር መሪነቱን ወሰደ፣ 3 ለ 1 አሸንፎም ዋንጫውን በላ። ስሌቱ በብዙ ጨዋታ አማካይ ልክ ሊሆን ይችላል፤ በዚያች ሌሊት ጉብታው ላይ የቆመው ሰው ግን አማካይ አልነበረም።

ሰዓቱ ያስነሣው ትልቁ ክርክር የወርዋሪዎች ጉዳት ነው። በኤፕሪል 2024 ታዋቂ ወርዋሪዎች በክርን ጉዳት ተከታትለው ሲወጡ የተጫዋቾች ማኅበር ጣቱን ወደ ሰዓቱ ጠቆመ፤ ሊጉ በበኩሉ በዚያው ዓመት መጨረሻ ባወጣው ጥናት ዋናው ምክንያት ፍጥነትንና የኳሷን መጠማዘዝ ያለ ልክ ማሳደድ ነው አለ። የክርኑ ጅማት ጉዳት ሰዓቱ ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት እየበዛ የመጣ በመሆኑ የሊጉ መልስ ሚዛን ይደፋል፤ ነገር ግን በደከመ ክንድ ላይ የእረፍት ሴኮንድ መቀነስ ምንም አይጎዳም ማለትም አይደለም።

ቀጣዩ ደንብ፣ ማለትም የቦልና የስትራይክ ውሳኔ በካሜራ እንዲመረመር የሚፈቅደው፣ ከ2026 የውድድር ዘመን ጀምሮ እንዲሠራበት በሴፕቴምበር 2025 ጸድቋል። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት አቤቱታ ይዞ ይጀምራል፤ ትክክል ሆኖ የተገኘው አይቀነስበትም። አቤቱታውን ማቅረብ የሚችሉት ወርዋሪው፣ ተቀባዩና መቺው ብቻ ናቸው፤ ወዲያው ቆባቸውን ወይም ራስ መከላከያቸውን መታ መታ ያደርጋሉ፤ ከአሠልጣኞች መቀመጫ የሚመጣ ምክርም ሆነ ምልክት አይፈቀድም።