የአጥንት ገጽ ምልክት ምንድን ነው?

የደረቀ የጭን አጥንት ይዘው ጣትዎን በፊት ለፊቱ ቢያንሸራትቱ ምንም የሚይዘው ነገር አያገኝም። በኋላ በኩል ግን ከላይ ወደ ታች የተዘረጋ ሻካራ መስመር አለ። ከመስመሩ በላይ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ጉብታ፣ ከታች በሁለቱ የጉልበት እብጠቶች መካከል ጥልቅ ጉድጓድ፣ መሃል አካባቢ ደግሞ ደም ሥር የሚገባባት ቀጭን ቀዳዳ ትገኛለች። በአጥንት ላይ ያለ እንዲህ ያለ ጉብታ፣ መስመር፣ ጉድጓድ፣ ቦይ ወይም ቀዳዳ ሁሉ የአጥንት ገጽ ምልክት ይባላል። አዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 206 አጥንቶች አሉት፤ ፍጹም ልሙጥ የሆነ ግን ማግኘት ይከብዳል።

ምልክቶቹ በአብዛኛው ከሦስት ነገር የመጡ ናቸው። አጥንቱን የሚጎትት ጡንቻ ወይም ጅማት ይኖራል፤ በላዩ ወይም በውስጡ የሚያልፍ ነርቭና ደም ሥር ይኖራል፤ ወይም ሌላ አጥንት ይገጥመዋል። ስለዚህ ተማሪ አንድ ምልክት ሲያይ ስሙን ከመሸምደዱ በፊት ምን እንደሚጎትተው፣ ምን እንደሚያልፍበት፣ ከምን ጋር እንደሚገጥም ቢጠይቅ ይሻለዋል። መልሱን ያገኘ ሰው ስሙ ቢጠፋው እንኳ ምልክቱ ለምን እዚያ እንዳለ ያውቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትልቅ ጡንቻ ትልቅ ምልክት ይተዋል ብሎ በማሰቡ ነው። ወሳኙ የጡንቻው መጠን ሳይሆን አጥንቱን የሚይዝበት መንገድ ነው። ሥጋው በሰፊው ተዘርግቶ ሲጣበቅ ጉልበቱ ስለሚከፋፈል አጥንቱ ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል። በጅማት ተሰብስቦ በጠባብ ቦታ ላይ ሲያዝ ግን ያ ቦታ ይሻክራል፣ ያብጣል። ከባይሴፕስ፣ ማለትም ከላይኛው ክንድ የፊት ጡንቻ፣ ሥር ተሸፍኖ ክርንን የሚያጥፈው ብራኪያሊስ የሚባለው ጡንቻ ሁለቱንም ያሳያል። መነሻው ከትከሻ እስከ ክርን ያለው አጥንት፣ ማለትም የሁመረስ፣ የታችኛው ግማሽ ፊት ነው፤ እዚያ ሥጋው በሰፊው ስለተነጠፈ አጥንቱን ቢዳብሱት ልስልስ ነው። መጨረሻው ደግሞ በትንሿ ጣት በኩል ባለው የክንድ አጥንት፣ በአልና፣ የላይኛው ጫፍ ላይ ነው፤ እዚያ በጅማት ስለሚይዝ ሻካራ ጉብታ ሠርቷል። ጡንቻው አንድ፣ ጉልበቱም አንድ ሆኖ ሁለቱ ጫፎቹ የተዉት ምልክት ግን አይመሳሰልም።

ስሞቹን በተመለከተ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ትልቅ ሻካራ ጉብታ ቱቤሮሲቲ፣ አነስ ያለው ቱበርክል ይባላል። ትሮካንተር የሚባሉት መጀመሪያ ያየናቸው የጭን አጥንት ትልቁና ትንሹ ጉብታዎች ብቻ ናቸው። የጎላ ሸንተረር ክሬስት፣ ሹሉ ስፓይን፣ መገጣጠሚያ የሚሠራው ክብ እብጠት ኮንዳይል፣ ከእርሱ በላይ ያለው ጉብታ ኤፒኮንዳይል ነው። ጉድጓዱ ፎሳ፣ ቦዩ ሰልከስ፣ ቀዳዳው ፎራሜን፣ ቀዳዳው ረዝሞ ቱቦ ሲሆን ካናል ይባላል። ድንበራቸው ግን ጥብቅ አይደለም፤ የሁመረስ ትልቁ ቱበርክል ከብዙ ቱቤሮሲቲዎች ይገዝፋል። ልኬት እየለኩ ስም ለመስጠት መሞከር ትርፉ ድካም ነው።

ጥቅማቸው ደምቆ የሚታየው በሕያው ሰው ላይ ነው። ክርንዎን አጥፈው በውስጥ በኩል ያለውን ጉብታ ይዳብሱ፤ ይህ የሁመረስ የውስጥ ኤፒኮንዳይል ነው። ከበስተኋላው በጉብታውና በክርኑ ሹል አጥንት መካከል ቦይ አለ፤ በቦዩ ውስጥ ጣትዎን ወዲያና ወዲህ ቢያንሸራትቱ እንደ ገመድ የሚንከባለል ነገር ይሰማዎታል። አልናር የሚባለው ነርቭ ነው። እዚህ ላይ በቆዳና በአጥንት መካከል ያለ መከለያ ስለተጋለጠ፣ ክርን ሲመታ ንዝረቱ እስከ ትንሿ ጣትና እስከ ቀለበት ጣት ግማሽ ድረስ ይሄዳል።

ከዚያው አጥንት መካከለኛ ክፍል በስተኋላ ራዲያል የሚባለው ነርቭ አጥንቱን ተጠግቶ በሰያፍ ወደ ታች የሚወርድበት ሌላ ቦይ አለ። ሁመረስ መሃሉ ላይ ሲሰበር ይህ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ምልክቱ የእጅ አንጓ መውደቅ ነው፤ ታካሚው አንጓውንና ጣቶቹን ወደ ላይ ማንሳት ያቅተዋል፤ በእጁ ጀርባ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል፣ ቆዳው ይደነዝዛል። ስብራቱን ከማቃናት ወይም ጀሶ ከማሰር በፊት «አንጓህን ወደ ላይ አንሳ» ብሎ መፈተሽና ውጤቱን መጻፍ ግዴታ ነው፤ ከታሰረ በኋላም ይደገማል። ቀድሞ ያልተፈተሸ ነርቭ በአደጋው ይጎዳ በሕክምናው በኋላ መለየት አይቻልም።

በወገብ በኩል ደግሞ የሁለቱን ዳሌዎች ከፍተኛ ሸንተረሮች የሚያገናኝ አግድም መስመር ቢሰመር፣ በ4ኛው የወገብ አከርካሪ ወይም በ4ኛውና በ5ኛው መካከል ያልፋል። በአዋቂ ሰው ህብለ ሰረሰር አብዛኛውን ጊዜ ከ1ኛው እስከ 2ኛው የወገብ አከርካሪ ድረስ ስለሚያበቃ፣ በህብለ ሰረሰሩ ዙሪያ ያለውን ፈሳሽ ለመቅዳት መርፌ የሚገባው በ3ኛውና በ4ኛው ወይም በ4ኛውና በ5ኛው መካከል ነው። ችግሩ ዳሌው በስብ ሲሸፈን በእጅ የሚገኘው መስመር ከእውነተኛው አንድ እርከን ከፍ ሊል መቻሉ ነው። ስለዚህ ሲጠራጠሩ ወደ ታች መውረድ ይሻላል። በጨቅላ ሕፃን ህብለ ሰረሰሩ ዝቅ ብሎ ስለሚያበቃ ጥንቃቄው የበለጠ ነው።

ጉብታዎቹ በልጅነት ከቀሪው አጥንት ጋር የተያያዙት በማደጊያ ልም አጥንት ነው፤ ይህ ደግሞ ከጅማቱ ይልቅ ደካማ ነው። በመሆኑም አዋቂ ሰው ጡንቻው ወይም ጅማቱ በሚበጠስበት ጉተታ፣ በጉርምስና ያለ ልጅ ጉብታው ራሱ ይገነጠላል። በፍጥነት ሲሮጥ ወይም ኳስ ሲመታ ከዳሌው የፊት ሹል፣ ወይም ሲቀመጡ ከሚያርፉበት የመቀመጫ ጉብታ ላይ ቁራጭ አጥንት ሊላቀቅ ይችላል። ከጉልበት ሎሚ በታች፣ በአገዳ አጥንት ፊት ያለው ጉብታ ደግሞ በተደጋጋሚ በመጎተቱ ያብጣል፣ ሲነካም ያማል፤ ኦስጉድ ሽላተር የሚባለው ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እድገቱ ሲያበቃ ሕመሙ ይተዋል፤ እብጠቱ ግን ሊቀር ይችላል።

ወደ ደረቀው የጭን አጥንት እንመለስ፤ የቀኝ ነው የግራ? ክብ ራሱን ወደ ላይ፣ ሻካራውን መስመር ወደ ራስዎ አድርገው ይያዙት። ያን ጊዜ አጥንቱ ጀርባውን ሰጥቶዎታል፣ ቀኙም የእርስዎ ቀኝ ነው። ክብ ራሱ ምንጊዜም ወደ ሰውነት መሃል ስለሚያይ፣ ወደ ግራዎ ካዘነበለ አጥንቱ የቀኝ እግር ነው። ራሱም ጉልበቱም ጠፍቶ ዘንጉ ብቻ ቢቀርስ? ሻካራው መስመር ኋላውን ያሳያል። ላይና ታቹን የምትነግረው የደም ሥሯ ቀዳዳ ናት፤ በእግር አጥንቶች ቀዳዳዋ ከጉልበት እየራቀች፣ በእጅ አጥንቶች ደግሞ ወደ ክርን እየቀረበች ትገባለች። ቀጭን ሽቦ ቢያስገቡባት አቅጣጫው ይታያል። ሻካራው መስመር ወደ ላይ ሲወጣ ታላቁ የመቀመጫ ጡንቻ የሚይዘው ሻካራ ቦታ ወደ ውጪ በኩል ስለሚገኝ ጎኑም በዚያ ይለያል።

ከምልክቶች ላይ ጾታን ማንበብም ይቻላል፤ ለምሳሌ የዳሌው ትልቅ ስርጉድ በሴት ሰፊ፣ በወንድ ጠባብ ይሆናል። ይህ ግን ከጉርምስና በፊት አያስተማምንም፣ በአዋቂም ቢሆን መካከለኛ ላይ የሚወድቅ አይጠፋም። የጡንቻ ምልክቶችን ሻካራነት አይቶ «ይህ ሰው ከባድ ሸክም ይሸከም ነበር» ማለት ደግሞ ከዚህም የባሰ ድፍረት ነው፤ ዕድሜና የሰውነት ግዝፈት ብቻቸውን ያንኑ ሻካራነት ያመጣሉ።

በራጅ ላይ ምልክቶች ያሳስታሉ። የደም ሥሯ መግቢያ ቱቦ ስብራት መስላ ትታያለች፤ የምትለየው ጠርዞቿ ለስላሳና ነጣ ያሉ በመሆናቸው፣ በአጥንቱ አንድ ግድግዳ ብቻ በሰያፍ በማለፏ ነው፤ አዲስ ስብራት ሹል የሆነ፣ ነጭ ጠርዝ የሌለው መስመር ነው። የዳሌ ራጅ ሲነሳ እግሮቹ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ወደ ውስጥ ይዞራሉ። ትንሿ ትሮካንተር ጎልታ ከታየች እግሩ ወደ ውጪ ዞሯል ማለት ነው፤ የጭን አጥንቱ አንገት አጥሮ ስለሚታይ እዚያ ያለ ስብራት ሊያመልጥ ይችላል፣ ታካሚው ሕመሙ የሚፈቅድለት ከሆነም ራጁ ይደገማል። ያቺው ትንሽ ትሮካንተር በጎረምሳ ላይ ብቻዋን ተገንጥላ ብትገኝ የስፖርት ጉዳት ናት። በአዋቂ ላይ፣ ያለ ከባድ አደጋ ሲሆን፣ ወደ አጥንት የተዛመተ ካንሰር እንዳለ ታስቦ ምርመራው ይቀጥላል።