ስኪበሪን፦ በረሃብ ስሟ የወጣ የአየርላንድ ከተማ

ስኪበሪን በደቡብ ምዕራብ አየርላንድ፣ በኮርክ አውራጃ፣ በአይለን ወንዝ ዳር የምትገኝ አነስተኛ የገበያ ከተማ ናት። በ1631 እ.ኤ.አ. የሰሜን አፍሪካ የባሕር ወንበዴዎች በአቅራቢያዋ ያለችውን ባልቲሞርን ወርረው ከመቶ በላይ ሰው ማርከው ሲወስዱ፣ ከተረፉት ብዙዎቹ ወደዚህ ሸሽተው ሰፈሩ።

ዓለም ስሟን የሰማው ግን በረሃቡ ዘመን ነው። በ1845 የድንች በሽታ አየርላንድ ገባ። ድሃው ጭሰኛ የሚኖረው በድንች ነበር፤ እህሉ ለመሬት ኪራይ የሚሸጥ ነውና ሰው በየጎጆው እየሞተ እንኳ ወደ እንግሊዝ መጫኑ አልቆመም። የከተማዋ ሐኪም ዶክተር ዳንኤል ዶኖቫን በየቤቱ እየዞሩ ያዩትን በጋዜጣ አሳወቁ፤ በ1847 ደግሞ ሠዓሊው ጄምስ ማሆኒ የሣሏቸው ሥዕሎች ለንደን ውስጥ ታትመው አንባቢን አስደነገጡ። በአቢስትሩሪ የጅምላ መቃብር ከ8,000 እስከ 10,000 የሚገመት ሰው ተቀብሯል። ሳጥን ለሁሉም ስለማይበቃ ወለሉ በማጠፊያ የሚከፈት ሳጥን ይሠራ ነበር፤ አስከሬኑ ጉድጓድ ውስጥ ይወርዳል፣ ሳጥኑ ለሌላ ሟች ይመለሳል። ሞቷል ተብሎ እዚያው የተጣለ ቶም ገሪን የሚባል ሕፃን የቀባሪው አካፋ ሲያርፍበት አቃስቶ ተረፈ፤ እግሩ እንደተጎዳ ረጅም ዕድሜ ኖሯል።

ጀርማያ ኦዶኖቫን ሮሳ አባታቸውን ያጡት በዚሁ ረሃብ ዘመን ነው። የተወለዱት በአቅራቢያዋ ሮስካርበሪ ቢሆንም ስኪበሪን ውስጥ ሱቅ ከፍተው ሲነግዱ፣ በ1856 ፊኒክስ የተባለውን የአርበኞች ማኅበር መሠረቱ። የእንግሊዝ እስር ቤትም ስደትም አልበገራቸውም፤ በ1915 ደብሊን ላይ የተፈጸመው ቀብራቸው በማግሥቱ ዓመት በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ለፈነዳው አመፅ መቀስቀሻ ሆኗል።

ከከተማዋ ልጆች ይበልጥ ሊታወቁ የሚገባቸው ግን አግነስ ሜሪ ክላርክ ናቸው። በ1842 እዚሁ ተወለዱ። ባንክ ቤት የሚሠሩት አባታቸው ቴሌስኮፕ ነበራቸውና ልጅቷ ሰማይን ያወቀችው ከቤቷ ሳትወጣ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ በ1885 ያሳተሙት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሥነ ፈለክ ታሪክ ከሳይንቲስቶቹ ጎን አሰለፋቸው። ጨረቃ ላይ፣ አፖሎ 17 ካረፈበት ብዙም ሳይርቅ፣ በስማቸው የሚጠራ ጉድጓድ አለ።

ዛሬ ስኪበሪንን የሚያስጠራት የጀልባ ቀዘፋ ነው። ክለቡ በ1970 ተቋቋመ። በ2016 ወንድማማቾቹ ጋሪና ፖል ኦዶኖቫን በሪዮ ያገኙት ብር ለአየርላንድ የመጀመሪያው የቀዘፋ ኦሊምፒክ ሜዳሊያ ነበር፤ ፖል ከፊንታን ማካርቲ ጋር በቶኪዮም በፓሪስም ወርቅ ወስዷል።